እቃው በአደባባይ፣ ዋጋው በጓዳ

«በኢንተርኔት መነገድ እፈልጋለሁ፤ ግን መሣሪያው የለኝም» አለኝ አንዱ፣ በስልኩ ጽፎ። ወንድሜ፣ መሣሪያው ይኸው፣ አውራ ጣትህ ያረፈበት! በዚያች ስልክ ሱቅ ይከፈታል፣ ብር ይገባል፣ መዝገብ ይያዛል፣ ማስታወቂያ ይሠራል፤ ለአብዛኛውም ከዳታ ጥቅል ሌላ የሚከፈል የለም። የትኛው ለምን እንደሚሆን የሚነግርህ ካጣህ ደግሞ የዛሬው ሥራዬ እሱው ነው፤ ቁጭ በል።

ይህን ሲሰማ ሥልጠና ሻጩ ፈጥኖ ጥልቅ ይላል። «እኔ ጋ ምስጢራዊ የኦንላይን ቢዝነስ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ 5,000 ብር ብቻ!» ምስጢር ከሆነ ስለምን በየግሩፑ ትለጥፈዋለህ? ዝርዝርህንም እናውቀዋለን፦ ጎግል ትሬንድስ፣ ጎግል ሺትስ፣ ካንቫ፣ ዎርድፕሬስ። ትሬንድስና ሺትስ ነጻ ናቸው። ካንቫ ነጻ አማራጭ አለው፤ ለትንሽ ሱቅ ማስታወቂያ እሱ ይበቃል። ዎርድፕሬስ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩበት፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው ሶፍትዌር ነው፤ የሚከፈለው ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኮዲንግ መማር ለሚፈልግም አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀቱም ጭምር። ጊዜውን ሰጥቶ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ስሳሳት እያረመ ለሚያሠራኝ ሰው መክፈል ተገቢ ነው፤ ደስ ብሎኝም እከፍላለሁ። የነጻ ነገሮችን ስም ጽፎ 5,000 ብር መቀበል ግን ማስተማር አይባልም።

«በቀን 3,000 ብር የሚያስገኝ የኦንላይን ሥራ አለ፤ መጀመሪያ መመዝገቢያ ላክ» ለሚልህም መልሱ አጭር ነው፦ ሥራ ካለህ ደሞዝ ስጠኝ፤ ከእኔ የምትቀበል ከሆነማ ሠራተኛህ ሳልሆን ገበያህ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ቴሌግራም ቻናል ላይ ጫማ ተለጥፏል። ፎቶው ያምራል፣ ከ38 እስከ 43 ቁጥር አለ፣ ስልክ አለ፣ አድራሻ አለ፤ ዋጋው ጋ ሲደረስ «በውስጥ መስመር»። እህቴ፣ እቃው በአደባባይ፣ ዋጋው በጓዳ?

«ተፎካካሪ እንዳያይብኝ ነው።» ተፎካካሪሽማ ትናንት በሌላ ስም ገብቶ ጠይቆሽ፣ መልሰሽለት፣ አመስግኖሽ ሄዷል። ሳይጠይቅ ያለፈው ገዢው ነው።

«ከደንበኛ ጋር መነጋገር ስለምፈልግ ነው።» ተነጋገሪ! ስለ ልኩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማድረሻው ተነጋገሪ። አንዱን ዋጋ ለመቶ ሰው መቶ ጊዜ መጻፍ ግን ድካም እንጂ ጨዋታ የለውም፤ እኩለ ሌሊት የጠየቀሽም ጠዋት እስክትመልሺለት ከሌላ ገዝቷል።

«ዶላሩስ? ዋጋው መቼ ይረጋልኛል?» ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አላቃልለውም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ እቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ግን የቻናል ጽሑፍ ይታረማል እኮ! «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ነው» ብለሽ ጻፊ፤ ከተለወጠ ቅዳሜ አርሚው። በዋትስአፕ የምትሸጪ ከሆነ ዋትስአፕ ቢዝነስ የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ጫኚ፤ ካታሎግ በሚለው ክፍሉ ለእያንዳንዱ እቃ የፎቶ፣ የመግለጫና የዋጋ ቦታ አለው። ዋጋ ሲደበቅበት ገዢው «ፊቴን አይታ ልትጠራ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ይህን ጥርጣሬ የሚያጠፋ መተግበሪያ አልተሠራም፤ የሚያጠፋው ቁጥሩን የምትጽፈው እጅሽ ናት።

«ጽፌዋለሁ እኮ፣ ፎቶው ላይ አለ።» ፎቶው ላይ ያለውን ዓይን ያነበዋል፤ የቴሌግራም ፍለጋ አያነበውም። ቻናልሽ ውስጥ «ጥቁር የቆዳ ጫማ» ብሎ የሚፈልግ ሰው እቃሽን የሚያገኘው ቃሉ ከፎቶው ሥር በጽሑፍ ካለ ነው። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ አለ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የተባሉት የፊደል ቅርጾች ከጎግል ፎንትስ በነጻ ይወርዳሉ፤ ለንግድም ይፈቀዳሉ። ስለዚህ «አማርኛ አይሠራም» የሚለው ሰበብ ጊዜው አልፏል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የፀጉር ቅባት የምትሸጪ ከሆነ አንዷ ደንበኛሽ በ«ፀ» ትፈልጋለች፣ ሌላዋ በ«ጸ»፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ሁለት ነው። ሁለቱንም አጻጻፍ አስገቢ። የትኛው እንደሚበዛ ማወቅ ከፈለግሽ ጎግል ትሬንድስ ላይ አገሩን ኢትዮጵያ አድርገሽ ሁለቱን አወዳድሪ። የሚያሳይሽ ቁጥር የሰው ብዛት እንዳይመስልሽ፤ ፍለጋው በጣም የበዛበትን ጊዜ 100 አድርጎ ሌላውን ከእሱ አንጻር የሚያሰላ ነው። ጥቂት ሰው ብቻ ለሚፈልገው ቃልም ባዶ ሊያሳይ ይችላል።

«የድረ ገጼ ፎቶዎች ጥራታቸው ልዩ ነው፤ እያንዳንዱ 6 ሜጋባይት!» ለማን ብለህ? የዳታ ጥቅሉ ሊያልቅበት ለደረሰው ገዢ? እሱ ገጽህ ሳይከፈትለት ወጥቷል። ስኩሽ የሚባል የጎግል ነጻ መሣሪያ አለ፤ ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ሳይልክ እዚያው ስልክህ ወይም ኮምፒውተርህ ላይ ክብደቱን ይቀንስልሃል። ከዚያ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ላይ የድረ ገጽህን አድራሻ አስገባ፤ ምኑ እንደሚያዘገየው በዝርዝር ይነግርሃል፤ እሱም በነጻ።

መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዘመን የነገዱ አንድ አባት ደግሞ «ይሄ የወጣቶች ነገር ነው፤ የእኔን ሱቅ የማያውቅ የለም» ይላሉ። ጋሼ፣ የሚያውቁዎትማ ይመጣሉ፤ ጭንቀቴ ስለማያውቁዎት ነው። ከሐዋሳ የመጣ ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ «የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ» ብሎ ካርታ ላይ ሲፈልግ የሚወጣለት የተመዘገበው ሱቅ ነው። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ምዝገባው በነጻ ነው፤ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ያስሞሉት። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይነገርበት ከተማችን ሞተረኛው «ከመድኃኒት ቤቱ ዞር በል፣ ከዚያ ደውል» እየተባለ ግማሽ ቀኑን ያጠፋል። ፕላስ ኮድ የሚባለው የካርታ ኮድ ለዚህ መፍትሔ ነው። በጎግል ካርታ ላይ ሱቅዎ ያለበትን ነጥብ ጫን ብለው ቢይዙት አጭር ኮድ ያወጣል፤ ያንን ኮድ የተቀበለ ሰው የመንገድ ስም ሳያስፈልገው እደጅዎ ድረስ ይመጣል።

ክፍያ ጋ ስንደርስ ድምፄ ከፍ ይላል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተዘርፏል። «ብሩን ልኬያለሁ፣ ስክሪንሾቱ ይኸው፣ ሞተረኛው ይምጣ።» ስክሪንሾት ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ይፈበረካል! እቃው ከእጅሽ የሚወጣው ብሩ በራስሽ ቴሌብር፣ ኤምፔሳ ወይም የባንክ መተግበሪያ ውስጥ መግባቱን በዓይንሽ ስታዪ ነው። የደረሰሽን አጭር መልእክት እንኳ ላኪው ማን እንደሆነ ሳታዪ አትመኚው፤ ሒሳብሽን ክፈቺና ቀሪውን ተመልከቺ። «ደንበኛው ይቀየማል።» እውነተኛ ደንበኛ አንዲት ደቂቃ ስታስጠብቂው አይቀየምም፤ የሚቆጣው የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው ነው።

ቴሌብር ከግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ እዚሁ አገራችን እየሠሩ፣ አሁንም «ኢትዮጵያ ውስጥ በኦንላይን መክፈል አይቻልም» የሚል ሰው እሰማለሁ። ድረ ገጽ ካለህ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ የመሳሰሉ አገር በቀል ድርጅቶች ክፍያውን ከድረ ገጽህ ጋር ያገናኙልሃል፤ ብሩ ሲገባ ሥርዓቱ ራሱ ያረጋግጣል፣ ስክሪንሾት የሚባል ነገር አይኖርም። «በዩቲዩብ ያየሁት ልጅ ስትራይፕ ክፈት ብሎኛል።» ልጁ የት አገር ነው? ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። «ዋሽንግተን ባለው በአክስቴ ልጅ ስም እከፍታለሁ።» እንግዲያው ገቢው በእሱ ስም ይመዘገባል፣ ግብሩን እሱ ይጠየቃል፣ አካውንቱ ቢዘጋም ተከራካሪው እሱ ነው፤ የአንተ ላብ፣ የእሱ ወረቀት። ከእሱ ጋር በእርግጥ አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ በውል፣ በግልጽ ተሻረኩ። አለዚያ የዘመድን ስም አትዋስ።

«ማን ምን እንዳዘዘ ሁሉም በጭንቅላቴ ነው።» ጭንቅላትህን ያመመህ ቀን ሱቁም ሊተኛ ነው? ጎግል ሺትስ ክፈት፦ ቀን፣ ስምና ስልክ፣ እቃ፣ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ የተላከ። ስድስት ዓምድ! በወሩ መጨረሻ የትኛው እቃ ብዙ እንደተሸጠ፣ ማን እንዳልከፈለ ይነግርሃል። በዚህ መዝገብ ውስጥ የሰው ስምና ስልክ ስላለ ለማንም አታጋራው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የደንበኛህ ስልክ ቁጥርም የምትሸጠው ሸቀጥ አይደለም።

«ድረ ገጹን የሠራልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም።» ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ በማን ኢሜይል ተመዘገበ? «በእሱ።» እንግዲያማ እቃህን የደረደርከው በእሱ ሱቅ ውስጥ ነው። ሌላ ሁሉ በነጻ ቢሆን ለዶሜን ስምህ ክፈል፤ ምዝገባውም በአንተ ኢሜይል፣ በአንተ ስልክ፣ በአንተ የይለፍ ቃል ይሁን። የአብዛኛውን ዶሜን ማብቂያ ቀን አይካን ሉክአፕ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብተህ ማየት ትችላለህ። ድረ ገጽህ በኤችቲቲፒኤስ እንዲከፈት «የደህንነት ሰርተፍኬት» ብሎ በየዓመቱ የሚያስከፍልህ ካለም ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ተቋም በነጻ እንደሚሰጠው ንገረው።

«መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ በምን ልለጥፍ?» መብራቱ ሲኖር አዘጋጅ! ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለህ ብትይዘው ቀንና ሰዓት ይጠይቅሃል፤ ከዚያ ስልክህ ቢጠፋም ጽሑፉ በሰዓቱ ይወጣል፣ የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነውና። የእሑዱን እሑድ ማለዳ ማሰቡን ትተህ የሳምንቱን በአንድ ምሽት ጨርስ። የቻናልህን ቅጂም ያዝ፤ የቴሌግራም የኮምፒውተር መተግበሪያ የጻፍከውንና የለጠፍከውን ሁሉ አውርዶ ያስቀምጥልሃል።

«ጽሑፉንስ ቻትጂፒቲ ይጻፍልኝ?» ያርምልህ፣ ሐሳብ ያቀብልህ። ስለ ጫማው የሚነግርህ ግን የለውም፤ አላየውም። ሶሉ ስፌት ይሁን ሙጫ፣ ቆዳው በዝናብ ምን እንደሚሆን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ገዢውም መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ፤ እሱም ከሁሉ ይብስብኛል። ስንት እናት፣ ስንት ወጣት ለዓመታት የገነባው ቻናል «ኮድ ተልኮልሽ ነበር፣ ላኪልኝ» በሚል አንድ መልእክት በሌባ እጅ ገብቷል። ያ ኮድ የሱቅሽ ቁልፍ ነው፤ ለእህትሽም፣ ለባልሽም፣ «ከቴሌግራም ነን» ለሚሉሽም አይሰጥም፤ ቴሌግራም ኮድ ላኪልኝ ብሎ አይጠይቅምና። መከላከያው ነጻ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃም አያልፍም። ቅንብሮች ውስጥ ግቢ፣ ግላዊነትና ደህንነት የሚለውን ክፈቺ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪ፣ የይለፍ ቃል አውጪ፣ ቢጠፋብሽ መመለሻ እንዲሆን ኢሜይልሽን አስገቢ። ዋትስአፕም፣ ጂሜይልም ተመሳሳይ መከላከያ አላቸው። ነጋዴ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን ለነገ አታሳድሩት፤ አሁኑኑ አብሩት፣ ለእናታችሁ ስልክም አብሩላት።