ድርሳነ ርግብ፦ በጓሮ ስለሚበተን ግርድና አጥር ስለሚሻገር ኩስ

ሊቃውንት ስለ ሰማያት ርቀትና ስለ ባሕር ጥልቀት ብዙ ደክመዋል። በአዲስ አበባ ከቆርቆሮ አጥር ወዲህ ስለሚበተነው ግርድና ከአጥሩ ወዲያ ስለሚያርፈው ኩስ ግን ዝም አሉ። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዕራችንን አንሥተናል፤ ምስጋናው ይቆየን።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። አንዲት ጽድቅ ወዳድ እመቤት ስንዴ ባበጠሩ ቁጥር ግርዱን ለወፍ ይበትናሉ። ድንቢጥ ትቀድማለች፣ ርግብ ትከተላለች። ርግብ ደግሞ በልታ የምትሄድ እንግዳ አይደለችም፤ ከጎረቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ገብታ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ 17 ወይም 18 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ምግቡ ካልተቋረጠባት ትደግማለች። የተረፈውን ጥሬ ማታ አይጥ ይረከባል። አንድ ቀን ጎረቤት በሰሌን ላይ ባሰጡት ዛላ በርበሬ መካከል ነጭ ጠብታ ተገኘ፤ ገና አልደረቀም።

«እትዬ፣ ኧረ ርግብዎን ይያዙልኝ!»

«አበላሁ እንጂ መች ወለድኩ? የእግዜር ፍጥረት ናት!»

መልሱ አንድምታ ይሻል። «አበላሁ» አሉ፤ ጽድቁ የእኔ ነው ሲሉ ነው። አንድም፦ ኩሱ የእኔ አይደለም ሲሉ ነው። አንድም፦ በርበሬሽን ማን እዚያ አስጪ አለሽ ሲሉ ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ይስማማል።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል። የዱር ርግብ ባለቤት የላትምና እትዬ እዚህ ላይ ያመልጣሉ። ቁጥር 1225 ግን ይጠብቃቸዋል፦ ባለሀብት ጎረቤቱን አያውክም፣ መጥፎ ሽታም ከመልካም ጉርብትና ልክ አያልፍም። ልኩ በአካባቢው ልማድ ይመዘናል። የሰፈራችን ልማድ መጀመሪያ ማኩረፍ፣ ቀጥሎ ቡና አለመጠራራት፣ ሲብስ የዕድር ዳኛ ነው።

መድኃኒቱ ለሊቅ የማይመጥን ተራ ነገር ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ጥሬው መሬት ላይ ሳይሆን በትሪ፣ ወፎቹ ባንዴ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይቅረብ፤ ሳይመሽ ትሪው ይነሣ። የክፈፉ ቀዳዳ ጫጩት አለመኖሩ ታይቶ በወንፊት ሽቦ ይደፈን። የደረቀ ኩስ ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና ውኃ ሳይረጭበት አይጠረግ።

ፍርዱም ይህ ነው፦ ጽድቁ ለእትዬ ይጻፍላቸው፤ የተበላሸውን በርበሬ ግን በኪሎ ይተኩ።