ምን አለበት? አለበት እንጂ!

አምባ ጊዮርጊስ ቦኖ ላይ ጀሪካን ተሰልፏል። ሰውም ተሰልፏል። አያ ምናለበት ብቻ አልተሰለፈም። ጀሪካኑን አሰልፎ እሱ ፀሐይ ይሞቃል፣ ወሬ ያሞቃል። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። «የቧንቧ ውሃ ማከም ምን የሚሉት ቅብጠት ነው? ጥርት ያለ ውሃ! ምን አለበት?» ሲል ነው የሚውለው።

ምን እንዳለበትማ ልንገርህ አያ። አንተ የጎንደር ሰው አይደለህ? ሰምና ወርቅ እንዴት ጠፋህ? ሰሙ ጥርት ያለ ውሃ፣ ወርቁ ጃርዲያ። ሰሙን ቀን ትጠጣለህ፣ ወርቁን ሌሊት ጓሮ ሄደህ ትፈታለህ። ቀበቶህን አስቀድመህ።

«ከቧንቧ ነው የመጣው!» ትላለህ። ከቧንቧማ መጣ። ቧንቧው ውስጥስ ምን ገባ? ውሃ በፈረቃ ሲሆን ቧንቧውም ይጠማዋል። ሲጠማው ደግሞ እንዳንተ ነው፣ ያገኘውን ይጠጣል። ግፊቱ ሲጠፋ ስንጥቁ ሁሉ አፍ ይሆንና በዙሪያው ያለውን እድፍ ይስባል። ውሃው ሲለቀቅ ያንኑ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚወርደው አተላ የሚመስለው ለምን ይመስልሃል? ሌላው ሰው እስኪጠራ አፍስሶ ይቀዳል። አንተ «ውሃ አይባክንም!» ብለህ ቀድመህ ትደቅናለህ። ቁጠባህስ ያስቀናል። ሆድህ ግን ቆጣቢ አይደለም፣ ያስገባኸውን ሁሉ ያወጣዋል።

ጀሪካንህንም አየሁት። አረንጓዴ ዝልግልግ ውስጡን አልብሶታል። ጠጠር ጨምረህ ናጥ ናጥ ብታደርገው ምን ነበረበት? ክዳኑ ከጠፋ ከርሟል፣ አፉን በድንች ወትፈኸዋል። እናንተ ሴቶች ፍረዱኝ! ድንች ለወጥ እንጂ ለዘበኝነት ሲቀጠር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ደጋ ነን፣ ብርዱ ጀርሙን ይገድለዋል» አልክ ደግሞ። ብርድ ጀርም ያቆያል እንጂ መቼ ይገድላል? ፍሪጅ ሥጋ ሲያቆይ አላየህም? ጃርዲያ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ሳምንታት ይተኛል። የሚነቃው ያንተ ሆድ ሲሞቀው ነው።

«አያቶቻችን ከወንዝ ጠጥተው መቶ ዓመት ኖሩ!» ይቺን ስጠብቃት ነበር። የነገሩህ እኮ የኖሩት ናቸው። ያልኖሩት በምን አንደበታቸው ይንገሩህ? በ1858 ዓ.ም. ኮሌራ ቆራጣ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ሲገባ፣ ንጉሡ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ነው የወጡት። መይሳው ካሳ ሰፈር የለቀቁለትን በሽታ አንተ በጣሳ ልትገጥመው ነው?

ሰው ሲስቅብህ ጊዜ «እሺ፣ አፈላዋለሁ፤ ደግሞ እዚህ ቶሎ ነው የሚፈላው» አልክ። ቶሎማ ይፈላል። ወደ 3 ሺህ ሜትር የተጠጋ አገር ላይ ውሃ መቶ ዲግሪን አይጠብቅም። ዘጠና ግድም ሲደርስ «ፈላሁ!» ብሎ ይንደቀደቃል። ቁርጥ አንተን! ሳይበስል የሚፈላ። ካላመንከኝ ሚስትህን የባቄላ ንፍሮ ስንት ማገዶ እንደሚፈጅባት ጠይቃት። ቆላ ያለችው እህቷ ንፍሮውን በልታ ድስቱን ስታጥብ፣ እሷ ገና እሳቱን እፍ ትላለች። ስለዚህ እንፋሎት ባየህ ቁጥር ለማውረድ አትሩጥ። ከተንደቀደቀ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቀው። ቦኖ ላይ ሦስት ሰዓት ለወሬ ያላነሰህ ሰው ሦስት ደቂቃ ለሆድህ አጣህ?

«ማገዶ ተወዷል።» እዚች ላይ እንኳ አልተርብህም፣ እውነትህን ነው። ግን ውሃ አጣጭ እንደምትፈልገው ሁሉ ውሃ አጋርም አለልህ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ክሎሪን። በራሱ ክዳን አንድ ልክ ለ20 ሊትር ጀሪካን፣ ከዚያ 30 ደቂቃ። «በረኪና በረኪና ይለኛል!» ይለናል ደግሞ! አንተ አረቄ አረቄ ስትል ማን ቅር አለው? ደግሞ አጋር ስላገኘሁ ጨረስኩ እንዳትል። ክሎሪን የታይፎይዱንና የኮሌራውን ጀርም ድራሹን ቢያጠፋም፣ ያን ጋቢ የተከናነበውን ጃርዲያ በወጉ አይበግረውም። እሱ እሳት ነው የሚገባው።

እሳቱም ጠርሙሱም ከሌለህ ፀሐይ በነፃ ትሞቅ የለ? ውሃህንም አብረህ አሙቀዋ! ባዶ ሃይላንድ አታጣም። ስሙም የአገራችን ልጅ ነው፣ ደጋ ማለት ነው። በደንብ እጠበውና የጠራ ውሃ ሞልተህ ቆርቆሮ ላይ 6 ሰዓት አጋድመው። ሰማዩ ከደመነ 2 ቀን። የነሐሴ ጉም ሲወርድ ግን አትድከም፣ ያኔ ወደ ድስትህ ተመለስ። ሃይላንዱ እንዳንተ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ይዋል። ልዩነታችሁ እሱ ሲጋደም ሥራ ላይ ነው።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ኩባያ ውሃ?» አለ አያ ምናለበት፣ ሆዱን በመዳፉ ጫን አድርጎ። ለምን እንደያዘው ማንም አልጠየቀውም፣ ሰልፉ በሙሉ ገብቶታል።

በል ተራህ ደርሷል አያ። ድንቹን ንቀል።