አጋንንተ ሳሙና፦ የመግቢያ ጥናት

ሰይጣን ወደ ሰው ቤት በምን በኩል ይገባል የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። በበር የሚሉ አሉ፤ በዓይን የሚሉ አሉ፤ በሕልም የሚሉም አሉ። በልብስ ማጠቢያ ዱቄት የሚለው መልስ የቀረበው ግን ዘግይቶ፣ በ1980ዎቹ መግቢያ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። ይህ ጥናት ያንን መልስ በሚገባው ክብደት ይመረምራል። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ተከሳሹም የተከሰሰው በዚያው አቆጣጠር ነው።

ተከሳሹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ይባላል፤ ኤሪየልንና ፓምፐርስን የሚያመርተው ኩባንያ ነው። ዊልያም ፕሮክተር ከእንግሊዝ የመጣ ሻማ ሠሪ፣ ጄምስ ጋምብል ከአየርላንድ የመጣ ሳሙና ሠሪ ነበሩ። ሁለቱም ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ ገብተው የአቶ አሌክሳንደር ኖሪስን ሁለት ሴት ልጆች አገቡ። በዚያ ዘመን ሻማም ሳሙናም የሚሠራው ከከብት ሞራ ስለነበር አማቾቹ አንድ ሞራ ይሻማሉ። አማትየው ይህን አይተው ከምትሻሙ ተጣምራችሁ ብትሠሩስ ብለው መከሩ፤ በ1837 ኩባንያው ተመሠረተ። እንግዲህ በዚህ ድርጅት አመሠራረት ላይ በሰነድ የተረጋገጠው የውጭ ኃይል አማት ብቻ ነው። ተመራማሪዎች አማትን የሚያህል ማስረጃ ይዘው ሰይጣን ፍለጋ ለምን እንደወጡ ለማወቅ ያስቸግራል።

የክሱ ዋና ኤግዚቢት የንግድ ምልክቱ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1851 ገደማ፣ በኦሃዮ ወንዝ ወደብ፣ የሻማውን ሣጥን ከሳሙናው ለመለየት ጫኞች በቀለም ምልክት ሲያደርጉበት ነው። ምልክቱ ኮከብ ሆነ፤ ኮከቡ 13 ሆነ፤ 13ቱ የአሜሪካን የመጀመሪያዎቹን 13 ቅኝ ግዛቶች እንዲያስታውሱ ተባለ። ከዚያ ጨረቃ መጣች፤ ጨረቃዋም የሽማግሌ ፊት አወጣች። በ1882 በሕግ ተመዘገበ። በመካከሉ ኩባንያው ይህ ሥዕል ምን ያደርግልናል ብሎ ከሣጥኑ ላይ አንስቶት ነበር፤ የኒው ኦርሊንስ ነጋዴ ምልክት የሌለው ሻማ የተጭበረበረ ነው ብሎ ጭነቱን አልቀበልም ስላለ ተመልሶ ተለጠፈ። ለሥነ ዘዴያችን ይህ ቁም ነገር ነው፦ በአንድ ክፍለ ዘመን ገዢው ምልክቱ ስለጠፋ ፈራ፤ በሚቀጥለው ምልክቱ ስላለ ፈራ። ሻማውን ያሸተተ ግን በሁለቱም ጊዜ አልተገኘም።

በ1930ዎቹ ኧርነስት ብሩስ ሃስዌል የተባለ የሲንሲናቲ ቀራጺ ሥዕሉን ሲያድስ ለሽማግሌው ጥቅልል ያለ ጢም አወጣለት። ጥፋቱ ከጢሙ ይጀምራል። 50 ዓመት ያህል ማንም ልብ ሳይለው ቆይቶ፣ ጥቅልሉ በመስታወት ሲታይ 666 ነው ተባለ። ጠርዙ ላይ ቀንድ ተገኘ። በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 12 ላይ ያለችው ሴት የ12 ከዋክብት አክሊል ደፍታ ሳለ የሳሙናው 13 መሆኑም መቀለጃ ነው ተባለ። አንዷ ትርፍ ኮከብ የማን ናት ለሚለው ጥያቄ ዛሬም መልስ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የቴክኒክ እክል አለ። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን የጻፈው በግሪክኛ ነው፤ ግሪኮች ደግሞ ቁጥርን የሚጽፉት በፊደላቸው ነበር። ሦስት ስድስት ጎን ለጎን ማቆም በዚያ አጻጻፍ አይቻልም። በእኛም ቢሆን ቁጥሩ ፮፻፷፮ ነው፤ ሁለት ስድስት፣ አንድ መቶ፣ አንድ ስድሳ፤ ከጢም ላይ ይህን ለማውጣት ጸጉር አስተካካይ ሳይሆን ቁም ጸሐፊ ያስፈልጋል። ስለዚህ አውሬው ሳሙና ላይ ለመፈረም የህንድና የዐረብ አኃዝ አውሮፓ እስኪደርስ ሺህ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። ትዕግሥቱ ይደነቃል።

የወሬው አካሄድ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ኩባንያውን የገዙት የኮሪያው ሰባኪ የሰን ምዩንግ ሙን ተከታዮች ናቸው ተባለ፤ የስማቸው አጠራር በእንግሊዝኛ ከጨረቃ ጋር አንድ ስለሆነ ጨረቃዋ መሰከረችባቸው። ብዙም ሳይቆይ ክሱ ወደ ሰይጣን ቤተ ክርስቲያን አደገ። በየደብሩና በየቢሮው የሚባዛ ወረቀት፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በፊል ዶናሁ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ትርፉን ለሰይጣን እንደሚሰጥ በአደባባይ ተናገረ፤ ይህ ገበያህን አይጎዳም ወይ ሲባል አሜሪካ ውስጥ የሚጎዳኝ ያህል ክርስቲያን የለም አለ ይላል። ዝግጅቱን ያየ ሰው የለም። ያየ ሰው የነገረውን ሰው የሚያውቅ ሰው ግን በየሰፈሩ አለ። በአማርኛ የዚህ ምስክር ሙሉ ስም «አሉ» ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም፤ ቃሉ ግን ውድቅ ተደርጎ አያውቅም። ይኸው ኑዛዜ ቀደም ሲል፣ በ1970ዎቹ፣ በማክዶናልድሱ ሬይ ክሮክ አፍ ተደርጎ ነበር፤ ኋላም በልብስ ዲዛይነሯ ሊዝ ክሌይቦርን አፍ፣ በኦፕራ ዝግጅት ላይ ተደረገ። ሰይጣን ሀብታሞቹን ሁሉ ወደ ቴሌቪዥን የሚልካቸው ምን ብሎ እንደሆነ አይገባም፤ ምሥጢር መጠበቅ የሙያው መጀመሪያ ይመስለን ነበር።

ኩባንያው በጁን 1982 ብቻ 15,000 ያህል የስልክ ጥያቄ ደረሰው። የተወሰደው እርምጃ በሳሙና ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም፦ ለሳሙናው የንስሐ አባት ተፈለገለት። ቢሊ ግራሃምና ጄሪ ፎልዌል የመሳሰሉ ስመ ጥር ሰባኪዎች ኩባንያው ከሰይጣን ጋር ንክኪ እንደሌለው መሰከሩ። የዶናሁ አዘጋጆችም እንዲህ ያለ እንግዳ አልመጣብንም አሉ። አልበቃም። በ1985 ምልክቱ ከምርቶቹ ላይ እንዲነሳ ተወሰነ፤ ይህም የሚያፍረው ቢኖረው ነው እንጂ ለምን ያነሳዋል የሚል አዲስ ማስረጃ ሆኖ ተመዘገበ። በ1991 ሽማግሌው ጸጉር ቤት ተወስዶ ጥቅልል ጢሙ ተስተካከለ። ወሬው ጢም የሚፈልግ አልነበረምና ቀጠለ።

ቅርብ ዘመድ ስለሆነ ስለ ባርኮድም አንድ ነገር እንበል። ጁን 26 ቀን 1974፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ አንድ እሽግ ማስቲካ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ በየሸቀጡ ላይ በምናየው ባርኮድ ተሸጠ። ትሮይም ሲንሲናቲም ኦሃዮ ውስጥ መሆናቸው ለተጨማሪ ጥናት ይተዋል። ከመሥመሮቹ መካከል ግራ፣ መሐልና ቀኝ ያሉት ረዘም ያሉ ጥንድ መሥመሮች ማሽኑ የት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ የሚያሳዩ ሲሆኑ በባርኮዱ አጻጻፍ 6 ቁጥርን ይመስላሉ፤ እኛም አገር ድረስ የተሰማው የባርኮድ 666 የወጣው ከእነርሱ ነው። ይህን ባርኮድ የነደፈው ጆርጅ ጆሴፍ ሎረር ይባላል፤ ሦስቱም ስሞቹ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ስድስት ስድስት ፊደል ናቸው። ይህ ጸሐፊ ደንግጦ በግዕዝ ፊደል ሞክሮታል። ጆርጅ 3፣ ጆሴፍ 3፣ ሎረር 3። ሰውየው ወደ እኛ ሲመጣ ግማሽ አውሬ ነው።

በአገራችን ይህ የጥናት ዘርፍ እጅግ ቀድሞ በስሏል። ቀጥቃጩ ማረሻ ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ትሠራለች፤ ገዢው ዕቃውን በገበያ ቀን ተከራክሮ ይገዛል፤ ሲመሽ ሠሪው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ይላል። እዚህ ቀልዱ ይሳሳል፤ በዚህ ወሬ ሰው ከጎረቤት ተለይቷል፣ ከጋብቻ ተከልክሏል፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የሚታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም ለትውልዶች ሲሸማቀቁበት ኖረዋል። የሲንሲናቲው ኩባንያ በወሬው ሳቢያ በየፍርድ ቤቱ ከመዞሩ ብዙ ቀድሞ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከሁለቱ አገሮች የሚገኘው መረጃ በአንድ ነጥብ ላይ ፍጹም ይስማማል፦ ማረሻውን ለቡዳው የመለሰ ገበሬ የለም። ጂሌት ምላጭ በ2005 የዚሁ ኩባንያ ንብረት ሲሆንም ጢሙን ለማሳደግ የወሰነ ተጠራጣሪ አልታየም። ልዩነት ካለ የእኛ መንፈስ ጨዋ መሆኑ ነው። በየጠበሉ ሲለፈልፍ በሰው ሠራሽ ጸጉር ገባሁ፣ በጥፍር ቀለም ገባሁ ይላል እንጂ የፋብሪካ ስም አይጠራም፤ ማስታወቂያ አይሠራም።

የቀረው የኩባንያውን ኮከብ መቁጠር ነው። በአውደ ነገሥት ሥርዓት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ይደመሩና በ12 ይገደፋሉ። ኩባንያ እናት ስለሌለው ጥናቱ ለጊዜው ቆሞ ነበር፤ መውጫውን የሰጠን አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በወሬው ምክንያት ከደርዘን በላይ ክስ መሥርቷል፤ ከሁሉ የረዘመው በ1995 የተጀመረው፣ ወሬውን በድምፅ መልእክት አዛምተዋል በተባሉ የአምዌይ ኩባንያ አከፋፋዮች ላይ የቀረበው ነው። አምዌይም ሳሙና ይሸጣል። በ2007 የዳኝነት ሸንጎው በአራት የቀድሞ አከፋፋዮች ላይ 19,250,000 ዶላር ፈረደ። ይህን በስም ፊደላት ድምር ፋንታ ወስደን በ12 ስንገድፈው 8 ይቀራል። 8 ዓቅራብ ነው፤ ጊንጥ። ጊንጥ መሆኑን የሰሙ ተጠራጣሪዎች ደስ ሊላቸው ይችላል፤ ነገር ግን የዓቅራብ ባሕርይ ውኃ ነው፤ ለሳሙና ሠሪ ከዚህ የተሻለ ኮከብ አይገኝም።