የኢፌክት ሉፕን ገመድ ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ፣ ቁጥር 50 ኸርዝ

ሞዓ ጫጫታ ዘእምነገደ ሞንታርቦ፣ ቀዳማዊ አምፕሊፋየር፣ በሐሙስ ገበያ ቀን ሐሙሲት ላይ ይህን አዋጅ አስነግረዋል። ነጋሪት አልተጎሰመም። የግርማዊነታቸው ስፒከር ገና ሲነሳ «ዝዝዝ» ብሎ ገበያተኛውን ስለሰበሰበው ጎሳሚ መቅጠር አላስፈለገም።

ጥር በመጣ ቁጥር ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከወረታም እስከ ደብረ ታቦር የሠርግ ዳስ በተጣለበት ሁሉ ጊታሩና ፒካፕ የተገጠመለት ክራር ከአምፕሊፋየር ጋር ስለሚገናኙ፤ ዲሌይና ሪቨርብ የተባሉት ፔዳሎችም በመካከል ስለሚገቡ፤ ገመዱን የሚገዛው ሰው ግን ዋጋውን እንጂ ዓይነቱንና ርዝመቱን ስለማይጠይቅ፤ የሚከተለው ታውጇል። «ጊታር ባዕድ ነው፣ ሕጉ አይመለከተንም» የሚል አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታር ከተጫወተ ወዲህ ይህ ክርክር በይርጋ የታገደ ስለሆነ መዝገቡ ተዘግቷል።

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ኢፌክት ሉፕ» ማለት ከአምፑ ጀርባ ያሉት «ሰንድ» እና «ሪተርን» የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ድምፁ ፕሪአምፑን ካለፈ በኋላ በሰንድ ይወጣል፣ ፔዳሎቹን ያዳርሳል፣ በሪተርን ተመልሶ ወደ ፓወር አምፑ ይገባል። ዲስቶርሽን በጊታሩና በአምፑ መካከል ይቆይ፤ ዲሌይና ሪቨርብ በሉፑ ቢገቡ ይመረጣል። «ገመድ» የሚለው ቃል አህያ የሚታሰርበትን አይጨምርም።

ዓይነትን በተመለከተ ግርማዊነታቸው አይደራደሩም። ለሉፕ የሚፈቀደው የጊታር ገመድ ነው፦ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ሞኖ ጃክ፣ ሲላጥ መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሺልድ የሚሉት የመዳብ ሽሩባ ያለው። ሽሩባው ለጌጥ አይደለም። ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ተቀብሎ ወደ መሬት መስመር የሚሸኘው እሱ ነው። የስፒከር ገመድ ሲላጥ ግን ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፤ ሽሩባ የለም። ይህንን ሰንድ ላይ የሰካ ሰው የመብራቱን 50 ኸርዝ ለሙሽሮች ሲያዘፍን ያመሻል። ተገላቢጦሹ የባሰ ነው። ከአምፑ ወደ ስፒከር ቀጭኑን የጊታር ገመድ መዘርጋት ገመዱን ያግላል፤ አምፑ ባለ ቱቦ ከሆነና ገመዱ ከተቋረጠ ደግሞ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ ጥፋት ይቅርታ የለም።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ይህ ግዛት ከባድ ነገር በሩቅ መንገድ የመጎተት ታሪክ እንዳለው ግርማዊነታቸው ያውቃሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ አስጎትተዋል። ሆኖም ሴባስቶፖል 1 ሜትር ለማይሞላ ርቀት 10 ሜትር ገመድ ለሚዘረጋ ሰው ምስክር ሆኖ ሊጠራ አይችልም።

የተለመደ የጊታር ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) አለው። ከጊታሩ ወደ አምፑ በሚሄደው መስመር ይህ ያሳስባል፣ ፒካፑ ገመዱ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ መግፋት ያቅተዋልና። ሉፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን በረጅም ገመድ ለመግፋት አቅም የሚሰጥ ባፈር አለው። የሰንዱ የመውጫ ኢምፒዳንስ 1 ሺህ ኦም ቢሆን፣ በ5 ሜትር ገመድ ላይ ድምፁ መውረድ የሚጀምረው ከ300 ሺህ ኸርዝ በላይ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ 20 ሺህ ላይ ያበቃል። ስለዚህ በሉፑ ገመድ ርዝመት እንቅልፍ የሚያጣ ጊታሪስት ጭንቀቱን ወደ ፊተኛው ገመድ እንዲያዛውር ታዟል። ባፈር የሌላቸው አንዳንድ የቱቦ አምፖች ብቻ ከዚህ ተለይተዋል። እዚያ ሰንዱ 100 ሺህ ኦም ቢደርስ፣ ያው 5 ሜትር ገመድ ከ3 ሺህ ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ድምፁን መብላት ይጀምራል። የአምፑን ዘር መለየት ለተሳነው፦ ሰንድን ከሪተርን ጋር በአጭር ገመድ ያገናኝና ይምታ፣ ቀጥሎ በረጅሙ ይድገም። ድምፁ ከደበዘዘ ባፈር የለም፤ ገመዱን ያሳጥር።

ለሁሉም ግን ልኩ አንድ ነው፤ ገመዱ ፔዳሉ ዘንድ ሳይወጠር ይድረስ፣ ለእግር መጠላለፊያ ግን አይትረፍ።

የሉፕ ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠምጥሞ አይሂድ፤ መገናኘት ግድ ከሆነ መስቀለኛ ይተላለፉ። አምፑና የፔዳሎቹ አዳፕተር ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ ከተለያየ ሶኬት ሲሆን በመሬት መስመር በኩል ዙሪያ ጥምጥም ተፈጥሮ ያጉረመርማል። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን እግር የሚቆርጥ ግን ድምጻዊው ማይክ ሲነካ የሚደርሰውን አስቦ ይቁረጥ። ይህ አንቀጽ ለፌዝ አልተጻፈም።

«ወርቅ የተቀባ ጃክ ድምፅ ያጣፍጣል» የሚል ማናቸውም የሱቅ ልማድ በዚህ አዋጅ ተሽሯል፤ ወርቅ ዝገት ይከላከላል፣ ከዚያ በላይ አልተሾመም። ሞኖ ቀዳዳ ላይ ስቴሪዮ ጃክ መሰካትም ማዕረግ አያስገኝም።

ከመጠን ያለፈ ገመድ በእጁ ያለ ሁሉ እስከ ጥምቀት ማግስት ቆርጦ አዲስ ጃክ ይበይድበት፤ ቁራጩን ለፔዳል ማገናኛ ያውለው። ብየዳው በመልቲሜትር ይፈተሽ፦ ከአንዱ ጃክ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሲነካ ይጩህ፣ ከጫፍ ወደ እጀታው ሲነካ ዝም ይበል። ሁለቱም ላይ የጮኸ ገመድ ዳስ እንዳይገባ ተከልክሏል።