ሴንሰሩን የገደልኩት እኔ ነኝ

የመኪናዬ ሴንሰር ደህና ነበር። የተበላሸው እኔ ከመረመርኩት በኋላ ነው። ይህን ማመኑ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለሰው መናገሩ ደግሞ ከዚያም ባሰ። በሰፈራችን ስለ መኪና የሚጠየቀው እኔ ነኝና። ማን እንደሾመኝ አላውቅም፤ ሳልጠየቅም እመልሳለሁ።

ዕውቀቴ ሁሉ የመጣው ከአንዲት አሮጌ ዲኤክስ ነው። ዲኤክስ ባለ ካርቡራተር ናት፤ ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘ ሰው አይፈራትም። ባሕር ዳር ላይ ሚኒሞዋን አስተካክለህ ንፋስ መውጫ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ካጨሰች ጥፋቱ የከፍታው ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ቆላ ያለ ይመስል ያፈስሰዋል። እኔም ይህችን አንዲት እውነት ይዤ ዕድሜዬን ሙሉ ኖርኩባት። መኪና ሳለ? ከፍታው ነው። ቤንዚን በላ? ከፍታው ነው። እስቴ ላይ ባትሪ ለሞተበት ሰው እንኳ የጉናን ተራራ በጣቴ አሳይቼዋለሁ። (አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተሰኘ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በእኛው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከጎታቾቹ አንዱ እንኳ በአየሩ መሳሳት አሳበበ ሲባል አልሰማሁም።)

ከዚያ የ2003 ሞዴል ኮሮላ ገዛሁ። ይቺ ከፍታውን ራሷ ታውቃለች። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የተሰካች ትንሽ ሴንሰር አለቻት፤ ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላቲነም ሽቦ አለ። ሽቦው በኤሌክትሪክ ይግላል፣ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ተነስቶ ኮምፒውተሩ ስንት አየር እንደገባ ያሰላና ቤንዚኑን ይመጥናል። ጉና ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም ይቀንሳል። ጉልበት ይጎድል ይሆናል እንጂ የቼክ ኢንጂን መብራት በከፍታ ምክንያት አይበራም። ይህን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እንዲያውም ሰው ነግሮኝ ነው።

መብራቱ የበራው አክስቴን ለተዝካር ወደ ወገዳ ይዤ ስሄድ ነበር። «ልጄ፣ ይቺ ቢጫ ነገር ምንድን ናት?» አሉኝ። አላውቅም ማለት ሲያቅተኝ፣ «ሞተሩ እየሠራ መሆኑን የምታሳይ ናት፣ እትዬ» አልኳቸው። ስንመለስ መብራቷ ስላስጨነቀችኝ ጥቁር ናስትሮ ቆርጬ ለጠፍኩባት። እትዬ ደነገጡ። «አሁንሳ ሞተሩ ቆመ ማለት ነው?»

ናስትሮው ሚኒሞውን አላረጋጋውም። መኪናዋ ቆማ ሳለች ሞተሩ ይዋዥቃል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር ይንገጫገጫል። በመጨረሻ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መመርመሪያ ገዛሁ። ከመሪው ሥር ስሰካው ፒ 0171 የሚል ኮድ ወጣ፤ ቅልቅሉ ሳስቷል፣ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ኮዱ የታየውን ይናገራል እንጂ ጥፋተኛውን አይጠራም። የሾለከ ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የደከመ ፓምፕ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ ሴንሰር ሊሆን ይችላል። እኔ ከሦስቱ ስሙ የሚያምረውን መረጥኩ። «ሴንሰር ነው» ማለት በሰው ፊት ግርማ አለው፤ «ጎማ ተቀዷል» ማለት ግን ማንም የሚለው ነገር ነው።

ሴንሰሯን ነቅዬ አየኋት። የእስቴና የስማዳ መንገድ አቧራ ስስ ሆኖ ተጋግሮባታል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ፣ ሳይነኩ ከሩቅ የሚነፉት ማጽጃ አለ። እኔ የጥርስ ብሩሽ አመጣሁ። ቤንዚን ነከርኩት። ከዚያ ያንን ፀጉር የመሰለ ሽቦ ጠዋት ጥርሴን በማሽበት ትጋት አሸሁት። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ስለ እኔ ነው።

መልሼ ሰክቼ ሞተሩን ባስነሳው ወዲያው ጠፋ። መመርመሪያው አሁን ፒ 0102 ጨመረ፤ ከአየር መለኪያው ሴንሰር የሚመጣው ምልክት ወርዷል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። «አላልኳችሁም? ሴንሰሩ ነው!» ስልኬን ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ገድዬው ሳበቃ የሞቱን የምስክር ወረቀት እንደ ምርመራዬ ውጤት አስነበብኩ።

መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስፈለግሁ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ በስልክ፣ «ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንሥተህ ላክልኝ» አለኝ። እኔ ቁጥር የሚልክ ሰው ነኝ? «ኮሮላ 2003 ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት። በአውቶቡስ የመጣው ሶኬቱ አልገጥም አለ። ቁጥሩን ልኬ ሌላ አስመጣሁ፤ የመልሱም የመላኪያውም ሒሳብ በእኔ ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

አዲሱ ሲሰካ ፒ 0102 ጠፋ። ፒ 0171 ግን ንቅንቅ አላለም።

ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ያቆምኩት መንገድ ላይ ስለጠፋችብኝ እንጂ ልጠይቀው ፈልጌ አይደለም። ስለ ከፍታው ማብራራት ጀመርኩለት፤ «እሺ ጋሼ» እያለ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ እየሠራ ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽብሽብ የጎማ ቱቦ በእጁ ጎበጥ አደረገው። በሽብሽቡ ሥር፣ ከላይ በማይታየው በኩል፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አፉን ከፈተ፤ ሞተሩም ተንተባተበ። ሴንሰሩ ያልቆጠረው አየር በዚያ ሲገባ ነው የኖረው። ቱቦውን የሰነጠቅሁትም እኔው ነኝ፤ አቧራ አራግፋለሁ እያልኩ ፊልትሮውን በከፈትኩ ቁጥር አጥፌ ስጎትተው።

«አዲስ ቱቦ እስኪገዙ ናስትሮ እንጠቅልልበት» አለ። የእሱ አልቆ ነበር። ከመብራቷ ላይ ልጬ ልሰጠው አሰብኩና አፈርኩ፤ ከጎረቤት ሱቅ ገዛሁ። ሚኒሞው ረጋ።

አሮጌውን ሴንሰር ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ወደ ፀሐይ አነሣው፣ አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነው የቦረሸብዎት?»

«አንድ መካኒክ ነኝ ባይ» አልኩት።

«የት ነው የሚሠራው? ሰው እንዳልልክለት ነው።»

«ሥራውን ትቶታል» አልኩ። በሳምንቱ የጎረቤቴን ቪትዝ ኮፈን ከፍቼ ቆሜ ነበር።