ስለ ግመል ወተት ደረሰኝ የወጣ አዋጅ

አዲስ አበባ ያለ አንድ የቅመማ ቅመም አቀናባሪ ድርጅት የግዢ ሠራተኛውን ወደ አፋር ላከ። ሠራተኛው አሚባራ ላይ የመስኖ ሽንኩርት አምራቾችን አነጋገረ፤ ሰመራ ወርዶም የአፍዴራ ጨው ነጋዴዎችን አግኝቶ ተመለሰ። ጉዞው ሰላማዊ ነበር። መከራው የጀመረው ሒሳብ ሲወራረድ ነው። የደረሰበትን ለመናገር ከነጋሪት ጋዜጣ ቋንቋ የሚሻል ስላጣ ይህን አዋጅ አረቀቀ።

የአዋሽ ሸለቆ ፀሐይ ከሒሳብ ክፍል ጋር ሳትመካከር የምትወጣ በመሆኗ፤ የአፋር አርብቶ አደር እንግዳውን ወተት ሳያጠጣ አለመሸኘቱ ለሒሳብ አያያዝ አስጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ። ከላይ የተጻፈው ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ። «አምራች» ማለት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ሰው ነው። «ሙቀት» ማለት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ የሚሰማው ነው።

አንቀጽ 3። የጉዞው ዓላማ። ሽንኩርትና ጨው።

አንቀጽ 4። ስለ ደረሰኝ።

1) ተጓዥ ለበላው፣ ለጠጣውና ለተኛበት ሁሉ ደረሰኝ ያቀርባል።

2) ደረሰኙ ነጭ፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሆናል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ነጭ ሆኖ የተቆረጠ ደረሰኝ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ ሰመራ ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ከተገኘ እንዳልተቆረጠ ይቆጠራል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በቀለም ሳይሆን በሙቀት የሚጻፍ መሆኑ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ከመኪና መስታወት ሥር የተቀመጠ ወረቀትም ራሱን በራሱ እንደሚጽፍ የታወቀ ቢሆንም፣ ፀሐይ የሽያጭ መመዝገቢያ ለመጠቀም ፈቃድ የላትም።

3) በንኡስ አንቀጽ 2 የተደነገገው ቢኖርም፣ ተጓዡ ደረሰኙን በጨርቅ ጠቅልሎ በውኃ ኮዳ ላይ ካሠረ ይታይለታል። ከራሰ ግን አይታይለትም።

4) በስጦታ የተገኘ ወተት፦

ሀ) የግመል ከሆነ፣ ሰጪዋ እናት የንግድ ፈቃዳቸውን ኮፒ ያያይዛሉ፤

ለ) የፍየል ከሆነ፣ የግመል ያልሆነበት ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይገለጻል፤

ሐ) የወተቱ ዋጋ ዜሮ ስለሆነና ሰጪዋም መለያ ቁጥር ስለሌላቸው፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የዜሮ 30 በመቶ ተቀናሽ ይሆናል፤

መ) ተጓዡ ወተቱን በነጻ መጠጣቱን ካመነ፣ ቁርስ በልቷል ተብሎ ከአበሉ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ ካላመነ ደረሰኝ ያምጣ፤

ሠ) አልጠጣሁም ካለ ደግሞ የአካባቢውን ባህል በመናቅ ይጠየቃል።

ፊደል «መ» የአርቃቂው ፈጠራ አይደለችም። «ወንድሜ፣ ወተቱን ማን ሸጠልህ?» ተብሎ ተጠይቋል። «እማማ ሰጡኝ» አለ። «እንግዲያው ቁርስ በልተሃል» ተባለና ተቆረጠበት። እርሱን ያንገበገበው ብሩ አይደለም፤ ብሩ የታክሲ እንኳ አይሞላም። ያንገበገበው፣ ከብቶቿ በድርቅ የከሱባት ሴት ለማታውቀው ሰው ያቀረበችው ቅል ወተት «ያልተወራረደ» በሚል አምድ ሥር መግባቱ ነው። ሰው እንዴት አያፍርም?

ደግሞ የት አገር ነው ይህ የሆነው! አፋር ዳጉ ያለው ሕዝብ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ በዓይን የታየው ከወሬው ይለያል፤ ውሸት የቀላቀለ ሰው ስሙ ይጠፋል። ከዚያው ምድር የተቆረጠ አሞሌ ጨው ለዘመናት የአገር ገንዘብ ሆኖ ሲዘዋወር ክብ ማኅተምም ቲተርም አልነበረበትም። የተጓዡ ቁርስ አሚባራ ላይ በዳጉ ይረጋገጥ ቢባል እስከ ምሽት ሰመራ ድረስ ምስክር ይገኝ ነበር። ሒሳብ ክፍል ግን የሚያምነው ሲሞቅ የሚጠቁረውን ወረቀት ነው።

አርቃቂው ማመልከቻም አስገብቶ ነበር። እንደ አዋሽ ወንዝ ብዙ ጠረጴዛ አጠጥቶ፣ ባሕር ሳያይ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

አንቀጽ 5። ስለ ጉዞ ሪፖርት። ይጻፋል፤ አይነበብም። በሪፖርቱ ውስጥ የአሚባራ መስኖ መሬት ጨው እያወጣ ከእርሻ ውጪ መሆኑ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾህ ግጦሹን መዋጡ፣ አዋሽ ሞልቶ ሲወጣ ማሳ ይዞ መሄዱ ተጽፎ እንደሆነ ይህ ሁሉ ደረሰኝ የለውም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአሰብ ጨው ሲቀር አገሪቱ የተጠጋችው የአፍዴራ ጨው እንዴት እንደሚጫንና በማን ወገብ እንደሚጫን የሚያትተው ገጽም ለመጠቅለያነት ሊውል ይችላል።

አንቀጽ 6። ቅጣት። በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

አንቀጽ 7። ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ መመሪያ ወይም የአሠራር ልምድ፣ ለደከመ መንገደኛ ጥላና ወተት መስጠትን ጨምሮ፣ በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።