ዛቻም ወግ ነበረው

ትናንት ማታ የልጅ ልጄ መነጽሬን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። 7 ዓመቷ ነው። ከአልጋው ሥር ድምጿን አጎርንና «አባባ፣ ይህን መነጽር ምን ያህል እንደምትወደው አውቃለሁ» አለች። ዝም አልኩ። «ያለ እሱ ስትቀር ማን ያጽናናሃል?» አለች ደግሞ። ማን ያጽናናሃል! እኔና መነጽሬ በሰማንያ የተጋባን ነው የሚመስለው። ቀጥላ ሳቀች፤ ሃ… ሃ… ሃ… እያንዳንዷን «ሃ» እንደ ዶቃ እየቆጠረች። የፈለገችው 20 ብር ነው።

ይህን ጠባይ ከእኔ ወገን አላመጣችውም። በባለቤቴም ወገን ቁጣ እንጂ እንዲህ ያለ ሳቅ የለም። ያመጣችው ከሳሎናችን ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ብቅ ብሎ የውጭውን ተከታታይ ድራማ አማርኛ ሲያናግረው፣ የአገር ውስጥ የፊልም ሰዎች ባህላችን ተነካ፣ እንጀራችን ተነካ ብለው ሲጮኹ ትዝ ይለኛል። እኔ ያኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። የሰዎቹ መሳሳም አላስጨነቀኝም፤ መሳሳሙ ሲመጣ ባለቤቴ ታስላለች፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ፣ ያልፋል። የማያልፈው የቦሱ አፍ ነው።

«ቦስ» የምለው የልጆቹን ቋንቋ ተውሼ ነው። ድሮ በቪዲዮ ቤቱ ዘመን ፊልም ውስጥ የሚቆጠሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አክተርና ቦስ። አክተሩ አይሞትም፤ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ መሐሉ ድብድብ ነው። የዛሬው ቦስ ግን ድብድቡን ትቶ ስልክ ይዟል። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ መስኮት ሥር ቆሞ ለአክተሩ ይደውላል። «ልጅህ ዛሬ ቀይ ጫማ ነው ያደረገችው፣ አይደል?» ይላል። እሺ፣ ገባን፤ ልጅቷ እጁ ላይ ናት። በቃ ዝጋው! አይዘጋም። ልጅቷ እንዴት አድርጋ እንደምታለቅስ፣ ሚስትየው ማን እግር ላይ እንደምትወድቅ፣ አሮጊቷ እናት በምን ዓይነት ሣጥን እንደምትቀበር እየዘረዘረ ያስረዳዋል። አክተሩ በበኩሉ «እሷን ብትነካት…» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይተወዋል። ቢነካትስ? ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው ነው ልጅ የሚያስጥለው?

እኛ ቤት ቡና የሚፈላው በዚያ ሰዓት ነው። ባለፈው ማክሰኞ አቦሉ ሲቀዳ የተጀመረ ዛቻ በረካው ላይ አለቀ። ቶናው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ገብቶ ነበር፤ ከማስታወቂያው ስንመለስ ሰውየው እዚያው መስኮት ሥር፣ እዚያው ልጅቷ ላይ ነው።

የምናገረው ሳላውቅ አይደለም። 31 ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ሣጥን ላይ አስቀምጬ ራፖር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድንበር ጽፌያለሁ፣ ውርስ ጽፌያለሁ፣ የቀለብ ክስ ስጽፍ ከባለጉዳይዋ ጋር አልቅሻለሁ። የዛቻን ነገርማ እኔን ጠይቁኝ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥሩ 580 ነው። ሰውን እስኪደነግጥና እስኪሸበር ድረስ በከባድ ጉዳት ያስፈራራ፣ አቤቱታ ሲቀርብበት ከ500 ብር የማይበልጥ መቀጮ ወይም ከስድስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት አለበት። 500 ብር! ያ ቦስ ከአቦል እስከ በረካ ያወረደው መዓት ሁሉ ተደምሮ፣ ዛሬ እኔ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቤተሰቤን ይዤ ዓሣ ብበላ የሚወጣብኝን አያህልም። በዚህ ዋጋማ ማን ዝም ይላል?

እውነተኛ ዛቻ ግን እንዲህ አይረዝምም። አንድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ አንድ ገበሬ መጣ። ከጎረቤቱ ጋር የድንበር ጠብ አለበት።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ልጄን ራሷን ዳበሰና፣ እግዜር ያሳድግልህ አለኝ።»

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም። የትምህርት ቤቷ መንገድ ሩቅ ነው፣ አይደል? አለኝ። ከዚያ ደህና ዋል ብሎኝ ሄደ።»

ሰውየው ጋቢውን እንደ ተከናነበ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ሲነግረኝ የእኔም ብብት ራሰ። ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ግን ምርቃት ሆኖ ቁጭ አለ። ቀደድኩት፤ እንደገና ጻፍኩት፤ አሁንም ምርቃት ነው። ሦስተኛ ወረቀት አበላሸሁ። «ተከሳሹ ልጄን መርቆ፣ የመንገዱን ርቀት ጠይቆ፣ ተሰናብቶኝ ስለ ሄደ እንዲቀጣልኝ» ተብሎ ምን ዳኛ ፊት ይቀርባል? ሂሳብ ሳልቀበለው ወደ ሽማግሌ ላክሁት። ሽማግሌዎቹ ወረቀት አላሻቸውም አሉ። ያን «እግዜር ያሳድግልህ» እንደ ሰሙ አንዱ ዘንጉን መሬት ላይ መትቶ፣ ጎረቤትየው በዚያው ቀን ተጠርቶ መጣ።

ዛቻ ማለት ይኼ ነው። ሰሙ ምርቃት፣ ወርቁ ቀብር። ለመዛት እንኳ ትንሽ ቅኔ ቤት መዋል ያስፈልግ ነበር። ያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ሰምም ወርቅም አያውቅም፤ ሁሉንም ቀላቅሎ በሳፋ ይደፋዋል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም የተባለው ለእሱ ነው።

ይህን ነገር ባለፈው እሑድ አሞራ ገደል ለወዳጆቼ አነሳሁት። ቦታውን ለምታውቁት መንገር አያሻም፤ ከጀልባ የወረደው ቆሮሶ ዓሣ በቢላ እየተገፈፈ፣ ልጆቹ ቅርፊቱን እንደ ሳንቲም እየበተኑት፣ አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ ደግሞ ክንፉን እንደ ካባ ደርቦ፣ ራሰ በራውን አዘንብሎ ከጎናችሁ ቆሟል። አንድ ወዳጄ የዓሣ ጭንቅላት ይዞ «ቦሱ ካልተናገረ ክፋቱን እንዴት እናውቃለን?» እያለ ይሟገተኛል። ሳይጨርስ ጭንቅላቱ ከእጁ የለም። አባ ኮዳው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ጉሮሮውን እያወዛወዘ ይውጣል። አልደወለ፣ አልሳቀ፣ «ይህን ጭንቅላት እንደምትወደው አውቃለሁ» አላለ። «አየህ?» አልኩት። የሲዳማ ሽማግሌ የሆነው ሌላው ወዳጃችን ከት ብሎ ሳቀና፣ «ያንተ የቴሌቪዥን ሰው ሶንጎ ፊት ቢቀርብ፣ እስኪመሽ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ሀላሌው የቱ ጋ ነው ይሉታል» አለ። ሶንጎ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሀላሌ እውነት ማለት ነው።

ትልቁ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፤ እሱ ደግሞ በትምህርት ይመጣብኛል። ቦሱ የሚዝተው ተመልካቹ እንዲናደድና አክተሩ ሲበቀል ልቡ ጢም እንዲል ነው ይለኛል። ማስረጃ ብሎ ስፓይደርማን የሚሉትን ፊልም፣ እ.ኤ.አ. የ2002ቱን፣ አሳየኝ። አረንጓዴ ጭንብል ያጠለቀ ቦስ ድልድይ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ የአክተሩን ወዳጅ አንጠልጥሏል፣ በሌላው እጁ ሕፃናት የተጫኑበትን ፉርጎ ገመድ ይዟል፤ የቱን ታተርፋለህ፣ ምረጥ እያለ ይሰብካል። ሁለት እጁ ሞልቶ እንኳ አፉ አልተዘጋም! ያን ጊዜ ያዘንኩት ለክንዱ ነው።

ያው ልጅ «ሾሌይ» የተባለውን የሕንድ ፊልም እንደምወድ ስለሚያውቅ፣ «ጋባር ሲንግስ?» ብሎ ያዘኝ። እሱ ሌላ ነው። አዎ፣ ጋባር አፈኛ ነው፤ ባሳንቲን የተሰበረ ጠርሙስ ላይ ያስጨፍራታል፣ እግሯ ከቆመ የወዳጇ ነፍስ ትቆማለች ይላል። እሱን አልክድም። ግን የባላንጣውን የታኩርን ቤተሰብ ሲፈጅ ስልክ ደውሎ አላስጠነቀቀም፤ ታኩር ስጦታውን ሸክፎ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ያገኘው የተገነዘ ሬሳ ነው። መጀመሪያ ሠራ፣ ኋላ ሳቀ። ደግሞ እኔ ያንን ፊልም ሳየው ወጣት ነበርኩ፤ ወጣት ሳለሁ ያየሁትን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም፤ ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ።

ጨካኝ ካላችሁ ማክቤዝን እዩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ማክቤዝ ነፍሰ ገዳይ ልኮ የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስፈጃል። ማክደፍ ያኔ ድንበር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ነው፤ መርዶውን የሚያረዳው ቦሱ ሳይሆን የገዛ ዘመዱ ነው፤ ያም አፉ እየተሳሰረ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ ያ ሁሉ ደም ያፈሰሰ ሰው «ሚስትህ እንዴት እንደ ጮኸች ልንገርህ» አይልም። የወገኖችህ ደም አሁንም በዝቶብኛል፣ ተመለስ ነው የሚለው። ክፉ ሰው ነው፤ ግን ሥራው ከብዶታል። የእኛ ሳሎን ቦስ ምኑም አይከብደው።

እናትን አንስቶ ጀግናን መንካትማ በአገራችንም ነበረ። ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ቋራ ሸፍቶ ሳለ የጎንደር መኳንንት «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ቀን ኮሶ ሸጡ ስለ ተባለ ነው። (ኮሶን የዛሬ ልጆች አታውቁትም፤ ለትል የሚጠጣ ነው፤ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ከቤቱ አይርቅም።) እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን ሲያዘምቱበት፣ ደጃዝማቹ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤላችሁ እመጣለሁ ብሎ ፎከረ ይባላል። ልብ በሉ፤ ከአፉ የወጣው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ቀይ ጫማ የለ፣ ሣጥን የለ። ያችው አንዲቷ ካሣ ጆሮ ደረሰች። ካሣ ድል አድርጎ ደጃዝማቹን ሲማርከው አልሰደበውም፤ ኮሶ አስመጣ። እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም፣ ሳይሸጥ ተርፏልና ጠጣልን ብሎ አስጨለጠው ይላሉ። ያ መኮንን ቀሪውን ቀን እንዴት እንደ ዋለ የጻፈ ሰው አላገኘሁም፤ ከጦርነቱ ይልቅ ያንን ባነበው ደስ ባለኝ።

በሰኔ 1839 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌዪቱ ራሳቸው ዘምተው ተማረኩለት። እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ ለቴሌቪዥን የማይመቸው። የካሣ ሚስት ተዋበች የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናት፤ የልጃቸው የራስ ዓሊ ልጅ። እስቲ አሁን መነን ስልክ ነበራቸው እንበልና ደውለው «ሚስትህን እጄ ውስጥ አስገባታለሁ» ቢሉት ምን ይሆናል? የገዛ ልጃቸውን ልጅ ነው! ቦሱና አክተሩ በጋብቻ በተሳሰሩበት አገር፣ ሰው በሰው ወዳጅ ሲዝት አፉ ውስጥ የራሱን ዘመድ ያገኛል። ስለዚህ ሰው ይመጥናል። አቤ ጉበኛ በቴዎድሮስ ላይ ልብ ወለድ ሲጽፍ ርእሱን «አንድ ለናቱ» ያለው ወዶ አይመስለኝም፤ ያችን የተሰደበች እናት ሽፋኑ ላይ አወጣት።

ወደ መነጽሬ ልመለስ። 20 ብሩን አልሰጠሁም። አሻንጉሊቷ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር፤ አንገቷን ይዤ አነሳኋት። «ሚጣ፣ ይህችን አሻንጉሊት የምትወጃት ከሆነ» ብዬ ጀመርኩ። አጭር ላደርገው ነበር። ግን አንዱ ነገር ሌላውን ጠራው። ፀጉሯን ላጭቼ ፍቅር ሐይቅ ዳር አስቀምጣታለሁ አልኩ። አባ ኮዳ አንድ ዓይኗን ይወስዳል፣ ሌላውን ለባጃጅ ሾፌር መስተዋቱ ላይ እንዲያንጠለጥለው እሰጠዋለሁ፣ የተረፈውን ማታ ጉማሬው ሲወጣ… እያልኩ ስሄድ መስኮት ሥር ቆሜ ራሴን አገኘሁት። አልጋው ሥር ጭጭ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ባይ ማንም የለም። በወዲያኛው በኩል ወጥታ ኩሽና ከአያቷ ዘንድ ከገባች ቆይታለች።

ኋላ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። መነጽሬን ራሷ አድርጋዋለች።

«አባባ፣ ክስ ጻፍልኝ» አለች። ባለቤቴ ናት የላከቻት፤ ከኩሽና ሳቋ ይሰማኛል።

ከዚያ ገበሬ በቀር ባለጉዳይ መልሼ አላውቅም። የጽሕፈት መኪናዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን እፍ አልኩና ወረቀት አስገባሁ። «ከሳሽ?» «እኔ።» «ተከሳሽ?» «አንተ።» «ምን አለሽ? አንድም ሳትጨምሪ፣ አንድም ሳትቀንሺ።»

አንድም አልቀነሰችም። ፀጉሩም አለ፣ ባጃጁም አለ፣ ጉማሬው ከየት በኩል እንደሚወጣ ሳይቀር አለ። መነጽሬ እሷ ላይ ስለሆነ በጣቴ ልማድ ነው የምመታው። አንደኛው ገጽ ሞላ። በ31 ዓመቴ ከግማሽ ገጽ ያለፈ ዛቻ ጽፌ አላውቅም፤ ሁለተኛውን ሳስገባ እጄ አፈረ። ሦስተኛው ላይ ሪባኑ ደበዘዘና ጨረስን ብዬ ወረቀቱን ልስብ ስል፣

«ሳቁን አልጻፍከውም» አለችኝ።

«የምን ሳቅ?»

«አንተ የሳቅከውን።»

ወረቀቱን መለስኩት። ሃ፣ ብዬ መታሁ። ቁልፏ ትነክሳለች፤ በጥፍሬ አላቀቅኋት። ሃ። አሁንም ነከሰች። ሚጣ መነጽሬን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ትጠብቃለች።

ሃ።